በሠሪዋ ስንዝር

እናቴ ከቤት ስትወጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ገሠሠ የፓርኩ ስካውት፣ የታጠቀ ጠባቂ፣ ስለነበር ተራራው ላይ ሳንቃ በር በሚባለው ሰፈር ነው የሚከርመው። በወር አንዴ ጠመንጃውን አንግቶ ደባርቅ ወደ ቤታችን ይወርዳል፤ ሦስት ቀን እሳት ዳር ዝም ብሎ ተቀምጦ ይመለሳል። ስለዚህ እናቴ የሄደች ጊዜ ታላቅ እህቱ እት አበባ ወሰደችኝ። ቤቷ መናኸሪያው ጀርባ ነበር። አባቴን እናቴ የት እንደሄደች ስጠይቀው፣ "ሄደች" ይለኛል። እት አበባን ስጠይቃት፣ "ምን ጎደለብሽ?" ትለኛለች። ምን እንደጎደለብኝ መናገር አልችልም ነበር። እበላለሁ፣ እለብሳለሁ፣ እማራለሁ።

ከእናቴ የቀረኝ በጆንያ የታሰረ ስንደዶና አክርማ፣ አንድ ወስፌ፣ በመጨረሻው ክረምት ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያስለመደችኝ ስፌት ነው። እት አበባ ስሰፋ ማየት አትወድም። "የሷን እጅ አምጥተሽ ፊቴ ላይ አትዘርጊብኝ" ትላለች። እኔም ጓሮ ወጥቼ ከእንጨቱ ክምር ኋላ እቀመጣለሁ። ከቀትር በኋላ ጭጋጉ ሲወርድ ከክምሩ ማዶ ያለው አጥር እንኳ አይታይም። በዚያ ሰዓት ከወስፌዬ ድምፅ በቀር የሚሰማኝ አልነበረም።

እናቴ ከሄደች ከዓመት በኋላ አንዴ መጥታ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ነኝ። በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ነጠላ የተከናነበች ሴት ስሜን ጠራችኝ። ቀና ስል እሷ ናት። ጠቁራለች፣ ከስታለች። በአጥሩ ቀዳዳ እጇን አስገብታ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ጆሮዬን ዳሰሰችኝ፤ እንደ ዓይነ ስውር። አንድ ብርቱካን ሰጠችኝና፣ "ነገም በዚህ ሰዓት እመጣለሁ፤ ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ።

እኔ ግን ነገርኩ። የምሥራች መስሎኝ ነው። ቤት እንደገባሁ፣ "እት አበባ! እማዬ መጥታለች! ነገም ትመጣለች!" አልኳት። ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

"በስንት ሰዓት?" አለችኝ።

ሰዓቱን በኩራት ነገርኳት።

በማግስቱ እናቴ አጥሩ ጋ አልነበረችም። ቤት ስመለስ ደጃችን በሽማግሌ ተሞልቷል። አባቴም በዚያው ሰሞን ወርዶ ነበርና ውስጥ አለ፤ እናቴንም መንገድ ላይ ይዘው አምጥተዋታል ተባለ። እኔን ጠይብ ወደሚባለው ጎረቤታችን ቤት ሰደዱኝ። ጠይብ ጨውና ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ሩመይሳ ጓደኛዬ ናት። ሁለታችንም ጆሯችንን ጭቃው ግድግዳ ላይ ለጥፈን አዳመጥን። የአባቴ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ የመምሬ ሀብተ ሚካኤል ወፍራም ድምፅ እንደ ቅዳሴ ረዘመ። ከዚያ ጸጥ አለ። ስወጣ እናቴ የለችም። በር ላይ የቆሙት ሴቶች እርስ በርሳቸው፣ "በቃ ተገዝታለች። ከእንግዲህ ዝር አትልም" ሲባባሉ ሰማሁ።

ተገዝታለች። እናቴን ሰው ገዛት ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሩመይሳን፣ "ትልቅ ሰውም ይሸጣል እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋት። የነጋዴ ልጅ ስለሆነች የገበያ ነገር ሁሉ የምታውቅ ይመስለኛል። ትንሽ አሰበችና፣ "ገንዘብ ካለ ምን የማይገዛ አለ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን አንድ ሀብታም ገዝቶ እንደወሰዳት አምኜ ኖርኩ። ስንት እንደከፈለባት ብቻ ነበር ማወቅ የምፈልገው።

ሴቶቹ ያወሩት ስለ ግዝት ነበር። እናቴ አባቴን ጥላ የሄደችው በሊማሊሞ ከሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ነው። ሾፌሩ በስድስት ወሩ ዛሪማ ላይ ጥሏት ጠፋ። አባቴ ነውሩን መሸከም አቅቶት በሽማግሌ ፊት አስገዘታት። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው፣ "ልጅቱን በዓይንሽ እንዳታይያት፣ በአፍሽ እንዳታናግሪያት፣ በእጅሽ እንዳትሰጫት፣ በሰው እንዳትልኪላት፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቼሻለሁ" አሏት። እንዲህ ተባለ ብለው በኋላ ነገሩኝ። እናቴም ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። እኔ በዚያ ሰዓት ሩመይሳ ቤት ቴምር እየበላሁ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ እትዬ ስጦታ የሚባሉ መምህርት ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛውረው መጡ። ቀጭን ናቸው፤ ሲራመዱ ትንሽ ያነክሳሉ። ባለቤታቸው ዛሪማ ጤና ጣቢያ ስለሚሠሩ በየአሥራ አምስት ቀኑ በአውቶቡስ ሊማሊሞን ወርደው ይመለሳሉ። መጥተው ብዙም ሳይቆዩ የእጅ ሥራ ክበብ አቋቋሙ። አሥራ አራት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ተመዘገብን። እኛ የመሰለን ስፌትና ጥልፍ ሊያስተምሩን ነው። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ቀን፣ "ስፌቱንማ እናቶቻችሁ ያስተምሯችኋል። እኔ የማስተምራችሁ መሸጥ ነው" አሉን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰልፍ አስይዘው ቱሪስቶቹ ወደ ፓርኩ ከመግባታቸው በፊት ወደሚመዘገቡበት ቢሮ ወሰዱን። በቅሎዎች ዕቃ ይጫናሉ፤ የሰፈር ልጆች "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይለምናሉ። እኛም አፋችን ሲከፈት አዩና፣ "እጃችሁን ወደ ኋላ!" አሉ። "ዛሬ አንለምንም፤ አንሸጥምም። ዛሬ የሰው ዓይን ነው የምናነብ።"

መንገድ ዳር አንዲት ባልቴት ስፌት ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንዲት ፈረንጅ ጎንበስ ብላ ሙዳይ አነሣች፤ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች፣ ዘጋች። መልሳ አስቀምጣ ሄደች።

"ምን አያችሁ?" አሉ እትዬ ስጦታ።

"አልገዛችም።"

"ለምን?"

"ብር የላትም!" አለ አንዱ፤ ሳቅን።

እሳቸው አልሳቁም። "ክዳኑን ሁለት ጊዜ ሞከረችው፤ አልገጠመም። የሠሪ እጅ ዝም ያለውን ጉድለት የገዢ ጣት ያገኘዋል። ይህ ያልገባው ዓመት ሙሉ ሰፍቶ ዓመት ሙሉ ይለምናል።"

ከዚያ ወደ ባልቴቷ ሄደው ያንኑ ሙዳይ ገዙ፤ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ክዳኑ የት እንደተሳሳተ አሳዩን። ሌላ ቀን ደግሞ እያንዳንዳችንን፣ "ይህን ለመሥራት ስንት ቀን ፈጀብሽ?" ብለው ጠየቁን። ማንም አያውቅም። "ቀንሽን አንቺ ካላወቅሽው ዋጋሽን ማን ያውቅልሻል?" አሉ። እስከ ዛሬ ጎንደር ውስጥ ሙያ ማሠልጠኛ የማስተምራቸውን ልጆች በዚሁ ጥያቄ ነው የምጀምር።

እኔ ጡጫ የምታህል ሙዳይ ይዤ ሄጄ ነበር። እትዬ ስጦታ ክዳኗን ሞከሩ፤ ገጠመ። ገልብጠው ጠርዟን አዩ። ጠርዙን ሁለቴ አጥፎ መስፋት የእናቴ ልማድ ነበር፤ እኔም ሌላ አላውቅም።

"ይህን አጨራረስ ማን አስተማረሽ?"

"እናቴ።"

"የት ናት እናትሽ?"

"ተገዝታለች" አልኳቸው። ሙዳይዋን በነጠላቸው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። "ዛሪማ አውቶቡስ ለምሳ የሚቆምበት ሆቴል አለ። መንገደኛ ያየዋል፤ ለናሙና ላስቀምጥልሽ" አሉኝ።

በአሥራ አምስት ቀኑ ሲመለሱ እጄ ላይ አሥር ብር አስቀመጡ።

"ማን ገዛው?" አልኩ።

"አንዲት ደንበኛ።"

"ፈረንጅ ናት?"

ቦርሳቸውን ዘጉ። "ሩቅ ያለች ሰው ናት" አሉ።

በቃኝ። ፈረንጅ ናት። ፀጉሯ ነጭ፣ ባርኔጣዋ ሰፊ ነው። ሩመይሳ ደግሞ ጀርመን ናት ብላ ቆረጠች። እንጨቱ ክምር ኋላ ስቀመጥ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ጭጋጉ ውስጥ ፊት ለፊቴ ጀርመኗ ትቀመጣለች። በማላውቀው ቋንቋ ታወራኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ። እት አበባ አንድ ቀን ሰምታኝ በጠበል አስረጨችኝ።

ደንበኛዬ ትዕዛዝ ታበዛለች፤ ትዕዛዟም ግራ ነበር። እትዬ ስጦታ ከወረቀት ያነቡልኛል። "በኩራዝ የተሰፋ አልቀበልም፤ በቀን ብርሃን ብቻ።" "በፈተና ወር ትዕዛዝ የለም።" ከሁሉ የገረመኝ ግን ልኩ ነው፤ "የሙዳዩ ወርድ በሠሪዋ ስንዝር አንድ ስንዝር ይሁን።"

"በሜትር አይሻልም?" አልኳቸው። "ፈረንጅ በሜትር አይደል የሚለካ?"

"ደንበኛ ያለው ልክ ነው ልኩ" አሉኝ። በሦስት ወሩ ያው ትዕዛዝ ተደገመ። በስድስት ወሩም። ሁልጊዜ አንድ ስንዝር፣ የሠሪዋ ስንዝር። የአውሮፓ ልማድ ይሆናል አልኩ።

ይህን ታሪክ እንዲህ አድርጌ፣ ጀርመኗን ሳልቀንስ፣ ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬያለሁ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ቀን እትዬ ስጦታን ፈልጌ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተው ጎንደር ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ለተማሪዎቼ እንዲናገሩ ጋበዝኳቸውና ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ስለ መጀመሪያዋ ደንበኛዬ ስናገር አደመጡ። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ ወጡ። እሳቸው ከወንበሩ አልተነሡም።

"ሕሊና" አሉኝ፣ "ፈረንጅ አልነበረችም።"

ያን ቀን ያቺን ትንሽ ሙዳይ ዛሪማ ይዘው የሄዱ ጊዜ ለባለሆቴሏ ሲያሳዩ፣ ዕቃ የምታጥብ ሴት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ሙዳይዋን ተቀብላ ገለበጠች። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዞረችው። ከዚያ ደረቷ ላይ አድርጋ አልመልስም አለች። "የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" ሲሏት፣ "እጄ ነው እኮ" አለች። ስለ ግዝቱም የነገረቻቸው እሷ ናት። እትዬ ስጦታ ፈርተው፣ "ታዲያ ይህስ ግዝት ማፍረስ አይሆንም?" ቢሏት፣ "አትይያት፣ አታናግሪያት፣ አትስጫት፣ አትላኪላት ነው የተባልኩት። አትግዢ አልተባልኩም" አለቻቸው።

ስንዝሩም ለዚያ ነበር። እጄ በሦስት ወር ምን ያህል እንዳደገ የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

እኔ ግን አላወቅሁምና ነጋዴ ሆንኩ። ለመስቀል ስድስት ሙዳይ ስታዘዝ ጊዜ አጥሮኝ አንዱን ሩመይሳ ሰፋችልኝ። ሥራዋ ከኔ ያምራል እንጂ አያንስም፤ ጠርዙንም እንደኔ ሁለቴ እንድታጥፈው አሳየኋት። አምስቱ ተከፈለባቸው፤ አንዱ ተመልሶ መጣ። "ይህ የሠሪዋ እጅ አይደለም" የሚል ወረቀት ገብቶበታል። ሩመይሳ አለቀሰች። እኔም ተናደድኩ። ባሕር ማዶ ያለች ሴት እንዴት አወቀች? ይህ ንቀት ነው አልኩ።

ቂሜን በዋጋ ተወጣሁ። እትዬ ስጦታን፣ "ከእንግዲህ ሃያ ብር ነው" አልኳቸው።

"ለምን?"

"ፈረንጅ ገንዘብ አላት። እርስዎም ደንበኛሽን እወቂ ብለውናል።"

ጠመኔውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "ደንበኛሽን አታውቂያትም" አሉ በቀስታ። "ይሁን፤ እነግራታለሁ።"

ሃያ ብሩ መጣ። ስላገኘሁት ደስ አለኝ፤ ስላልተከራከረች ደግሞ ትንሽ ናቅኋት። እናቴ በዚያን ጊዜ በወር ሠላሳ ብር ነበር የሚከፈላት። የኔን ዋጋ ለመሙላት ከዕቃ አጠባው በላይ የመንገደኛ ልብስ ማጠብ እንደጀመረች የነገሩኝም እትዬ ስጦታ ናቸው፤ እንዳይነግሩኝ ለምኜያቸው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ እኔ ግን ንገሩኝ ብያለሁ፣ ነገሩኝ።

በ1994 ግንቦት ላይ እትዬ ስጦታ ታመው ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀሩ። እኔ የታዘዝኩትን ጨርሻለሁ፤ ቀጠሮው ደርሷል። "ቀጠሮ የማያከብር ነጋዴ ደንበኛ የለውም" ብለው ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው። ዛሪማ ሆቴሉ ጋ እንደሚያስረክቡ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሩመይሳን፣ "እት አበባ ከጠየቀችሽ ክበብ ናት በያት" ብዬ ሙዳይዋን በጨርቅ ቋጥሬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ሊማሊሞን ወርጄ አላውቅም ነበር። መኪናው በየጠመዝማዛው ገደሉ ላይ አፍንጫውን አውጥቶ ይመለሳል፤ ሾፌሩ ያማትባል፤ ፍሬኑ ይሸታል። ሁለቴ አስታወከኝ። እየወረድን በሄድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ሻሼን አወለቅሁ። ዛሪማ ስንደርስ አየሩ ራሱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ከደባርቅ ወጥቼ ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ። ጀርመኗ እዚህ ብትኖር አይገርመኝም አልኩ።

ሆቴሉ በቆርቆሮ የተከደነ ዳስ ነበር። ባለቤቷ ወፈር ያለች ሴት ናት።

"ምን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?"

"ፈረንጇን። ስፌት የምትገዛዋን።"

"የምን ፈረንጅ?"

ጨርቁን ፈትቼ ሙዳይዋን አሳየኋት። የሴትየዋ ፊት ተለወጠ። ወደ ማድ ቤቱ ዞራ ሰው ልትጣራ አፏን ከፈተችና መልሳ ያዘችው። ግን ዘግይታለች፤ አንዲት ሴት እርጥብ እጇን እያራገፈች በሩ ላይ ብቅ ብላለች። አየችኝ። ገና ፊቷን በቅጡ ሳላየው ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጣለች፤ ዞራ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ጀርባዋ ብቻ ቀረ።

"ምን ሆና ነው?" አልኩ።

"ዓይኗን ያማታል" አለች ባለሆቴሏ። "ብርሃን አይስማማትም።"

ሴትየዋ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ መጋረጃው ኋላ ገባች። ባለሆቴሏ ተከተለቻት፤ ሹክሹክታ ሰማሁ። ስትመለስ ሙዳይዋን ተቀብላ ሃያ ብር ሰጠችኝ። "ፈረንጇ ስትመጣ ትወስደዋለች። አሁን ምሳ ብዪ፤ ግን ትከፍያለሽ።"

"ስንት ነው?"

"ሃያ አምስት ሳንቲም።"

ደባርቅ በዚያ ዋጋ ሻይ እንኳ አይጠጣም። ዛሪማ ርካሽ አገር ነው አልኩ በልቤ። በመጋረጃው ሥር ሳህን ወጣ፤ ሙሉ ጥብስ፣ ከላዩ የተላጠ እንቁላል። በሕይወቴ ለብቻዬ እንዲህ ያለ ሳህን ቀርቦልኝ አያውቅም። እስክጨርሰው ድረስ መጋረጃው ሥር ሁለት እግር ቆሞ ነበር። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ አቧራ የለበሰ።

ስጨርስ ባለሆቴሏ፣ "ለሷ ክፈያት" አለችኝ። በመጋረጃው መካከል መዳፍ ወጣ። ሳሙና የበላው፣ የነጣ፣ የተጨማደደ መዳፍ ነው። ሳንቲሙን ሳስቀምጥ ጣቶቹ ተከደኑ፤ የኔንም ጣቶች ይዘው ቀሩ። ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። የዓይኗ በሽታ እንዳይጋባብኝ ፈራሁና እጄን ነጠቅሁ። ነጥቄም በቀሚሴ ጠረግሁት።

ሰው ሲታመም ምን እንደሚባል ግን ተምሬያለሁ። ወደ መጋረጃው፣ "እግዚአብሔር ይማርሽ" አልኩ።

ከወዲያ እንደ ሳል ያለ ነገር ተሰማ። ባለሆቴሏ በትከሻዬ ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ፤ ስንራመድ ፊቷን በመዳፏ ትጠርግ ነበር። ሙቀቱ ነው አልኩ።

የአውቶቡሱ ረዳት ለእት አበባ ነግሯት ጠበቀችኝ። ልትመታኝ ነው ብዬ በር ላይ ቆምኩ። እሷ ግን በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"ዛሪማ ማንን አየሽ?"

"ማንንም።"

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"ፈረንጇን አላገኘኋትም። አንዲት ዓይኗን የሚያማት ሴት ብቻ ናት ያለችው።"

እት አበባ ደጃፉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ያዘነችው በኔ ውሸት መስሎኝ ነበር።

እትዬ ስጦታ ወደ ሥራ እንደተመለሱ ትምህርት ቤት ሄደች። በመስኮቱ ሥር ሆኜ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው፤ "ግዝት እኮ ነው! በናንተ ጨዋታ ልጅቱ ላይ ቢደርስስ? ትሙትብኝ?" እት አበባን ዕድሜ ልኬን ክፉ አድርጌ ቆጥሬያት ነበር። የፈረሰ ግዝት በልጅ ላይ እንደሚወርድ አምና በየቀኑ ስትንቀጠቀጥ እንደኖረች የገባኝ ከሞተች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ይህንኑ ፍርሃቷን በሰው ወደ ዛሪማ ላከች። እናቴም ሰምታ ገበያዋን ዘጋች።

በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ስጦታ፣ "ደንበኛሽ ከእንግዲህ በቃኝ ብላለች" አሉኝ።

"የመጨረሻው ምን ጎድሎት ነው?"

"ምንም አልጎደለውም።"

"ካልጎደለው ለምን ተወችኝ?"

ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ጠመኔውን አንሥተው የቀኑን ትምህርት መጻፍ ጀመሩ። በዓመቱ ወደ ዳባት ተዛወሩ። እኔም ወስፌዬን ጣራ ሥር ሰክቼ ተውኩ። ስንደዶው እዚያው ጓሮ ዝናብ መታው፣ በሰበሰ። ከእንጨቱ ክምር ኋላ መቀመጤን ግን አልተውኩም። የሚያናግረኝ ስላልነበረ ዝም ብዬ ነበር የምቀመጠው።

እትዬ ስጦታ እውነቱን በነገሩኝ በሦስተኛው ቀን ደባርቅ ሄድኩ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ብቻውን ይኖራል። በር ላይ ጸሐይ ይሞቅ ነበር። ሳልቀመጥ፣ "እማዬ ዛሪማ ናት" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥንት።" በትሩን መሬት ላይ አንከባለለው። "በቁጣ ነው ያስገዘትኳት። ቁጣዬ ሁለት ዓመት አልቆየም። ግዝቱ ግን ቆየ።"

"ለምን አላስፈታህላትም?"

"አፈርኩ" አለኝ። ሌላ ምክንያት እንዲጨምር ጠበቅሁት። አልጨመረም።

በዚያው ቀን ክንዱን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። መምሬ ሀብተ ሚካኤል ከሞቱ ቆይተዋል። በሳቸው ቦታ ያሉት ቄስ ጎልማሳ ናቸው። አባቴን፣ "ይቅር ብለሃታል?" አሉት። "እሷ ይቅር ትበለኝ" አለ። ቄሱ ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው የዛሪማውን ቄስ ደወሉ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ዛሪማ ላይ መስቀል ተሳልማ ከግዝቷ ተፈታች። ግዝቱ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቷል።

እኔም ከቀትር በፊት ዛሪማ ደረስኩ። እናቴ አሁን የራሷ ሻይ ቤት አላት፤ አራት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ። በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ፊቷ ተገልጧል። ከማውቀው ፊት ጋር ላስተያየው ሞከርኩ፤ የማውቀው ፊት አልመጣልኝም።

"ኖር፣ ይግቡ" አለችኝ። "ይቀመጡ።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። ሕሊና።"

"አውቄዎታለሁ" አለች።

ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ደክሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሻይ ስታቀርብልኝ በሁለት እጇ ነው። ልታየኝ ትፈልግና ዓይኗ ከፊቴ ግማሽ መንገድ ደርሶ ይመለሳል፤ አሥራ ስምንት ዓመት የለመደውን ይፈራል። ስለ ሾፌሩ አልጠየቅኋትም። ስለ ጎንደር፣ ስለ ተማሪዎቼ አወራኋት። "ጎበዝ ነዎት" አለችኝ። እጇን ልይዝ ስል ተነሥታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋልን፤ እሷ እንደ ባለቤት፣ እኔ እንደ እንግዳ። አድሬ ስነሣ ቁርስ ቀርቦልኛል፤ እሷ ቆማለች። "አብረን እንብላ" ብላት፣ "ይብሉ፣ እኔ ቆይቼ" አለች።

አውቶቡሱ ሲመጣ ቦርሳዬን ይዛልኝ ወጣች። አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። ቀጥ ብላ ቆማ ተሳመች። ይህችን ሴት እናቴ ማድረግ የሚቻልበት ጊዜ አልፏል አልኩ በልቤ፤ አልተናደድኩም፣ ግን ደከመኝ። ገብቼ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቢያንስ እጄን ላውለብልብላት ብዬ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ድረስ አወጣሁ።

ከፊት ለፊት የጭነት መኪና መንገዱን ሞልቶ እየመጣ ነበር። እኔ አላየሁትም። እናቴ አየችው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ከአውቶቡሱ ጎን ስትሮጥ አየኋት፤ በመዳፏ ቆርቆሮውን እየደበደበች፣ ፊቷ በንዴት ቀልቶ።

"ክንድሽን አስገቢ! አንቺ ልጅ! ክንድሽን አስገቢ እላለሁ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝና ሳቀ። ክንዴን አስገባሁ።